ማን እንደሞተ ያልተጠየቀበት ለቅሶ

እህቴ የሺዓለም በሽተኛ ጠያቂ የሚባለውን ፍጥረት አትወድም ነበር፤ እኔ ደግሞ ከእሷም ብሼ እንቀዋለሁ። ብርቱካን በወረቀት ከረጢት አንጠልጥሎ ይመጣል፣ አልጋው ጫፍ ላይ ፊቱን አጥቁሮ ይቀመጣል፣ እንዴት ነሽ ይልና መልሱን ሳይሰማ ስለሞተ ሌላ ሰው ያወራል። አክስቱንም እንዲህ ነበር ያደረጋቸው፣ የባልንጀራውንም ሚስት እንዲሁ ነበር የጀመራት፣ ከዚያማ ምን ዋጋ አለው። በመጨረሻ አይዞሽ፣ ለእግዜር ምን ይሳነዋል ብሎ ያመጣውን ብርቱካን ራሱ ልጦ በልቶ ይሄዳል። እንዲህ ያለውን ሰው የሚያከብር ካለ ያክብር፤ እኔ አይናዲስ ግን አልተፈጠረብኝም።

የሺዓለም ፒያሳ ከጊዮርጊስ ዝቅ ብሎ፣ አንድ አርመን ባሠራው አሮጌ ፎቅ ላይ የሴት ልብስ ትሰፋ ነበር። ከታች ሱቅ ነው፣ ከላይ እሷና ቤተሰቧ፤ በመንገዱ በኩል የእንጨት በረንዳ አለው። ሙያውን በልጅነቷ የተማረችው ከአርመኑ ሚስት ነው፤ አፉን ግን ማንም አላስተማራትም፣ ይዛው ነው የተወለደችው። አንዷ ባሏ ዋና ጸሐፊ የሆነላት ለት ትመጣና፣ መጽሔት ላይ ያየችውን የፈረንጅ ቀሚስ ዘርግታ ወገቡን እንዲህ ጠበብ አድርጊልኝ ትላታለች። የሺዓለም ሜትሯን አንገቷ ላይ ጣል አድርጋ፣ ሴትዮዋን ከፊትም ከኋላም አየት ታደርግና፣ ጨርቁን ማጥበብ የእኔ ሥራ ነው፣ ስለ ወገቡ ግን ከፈጠረሽ ጋር ተነጋገሪ ትላለች። በዚህ አፏ ደንበኛ ማጣት ነበረባት። ግን ተሰድበውም ይመለሳሉ፤ እሷ የሰፋችው ቀሚስ ስንቱን ጉድ እንደሚሸፍን ያውቁታላ።

ወደ ማታ ሥራዋን ስትጨርስ በረንዳው ላይ ወንበር አውጥተን ለአላፊ አግዳሚው ስም እናወጣ ነበር። ጫማው እንዳያልቅበት ሣር ሣሩን የሚሄድ አንድ የመንግሥት ሠራተኛ ነበረ፤ እሱን «ሶል ቆጣቢው» አልነው። ውጭ አገር ተምሮ የመጣ፣ ፒፓ ነክሶ የሚዞር ግን ለኩሶ የማያውቅ ወጣት ነበረ፤ እሱም ስሙን ከእኛ አገኘ። ከመንገዱ ማዶ የምትኖረውን፣ ወሬ ሳይወለድ የምታሳድገዋን ሴት ደግሞ «ሬዲዮ» አልናት። የክርስትና ስሟን ዛሬም አላውቀውም፣ ማወቅም አልፈልግ።

የሺዓለም ጡቷ ላይ እባጭ ያገኘችው በ1961 ዓመተ ምሕረት ክረምት ነው። በመስከረም ሆስፒታል ገብታ ቆረጡላት፤ ከዚያ በኋላ ከውጭ አገር የሚመጣ መርፌ ታዘዘላት። ፈረንጁ ሐኪም ነቀርሳ መሆኑን የነገረው ለእሷ ሳይሆን በአስተርጓሚ ለባሏ ነው። እኛ አገር ለበሽተኛ በሽታው አይነገርም። ለዘመድ ይነገራል፣ ዘመድ ተደብቆ ያለቅሳል፣ በሽተኛው ደግሞ ምንም እንዳላወቀ ሆኖ ዘመዱን ያጽናናል። ጨዋነት ይሉታል ይሄንን።

ባሏ ጋሼ ኃይለማርያም አራት ኪሎ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ መዝገብ ቤት ይሠራል፤ ፋይል መደበቅ ይችል ይሆናል፣ ፊቱን መደበቅ ግን አልሰጠውም። ከዓመት በዓል ውጭ ሥጋ ገዝቶ የማያውቅ ሰው ያን ቀን ጎድን ተሸክሞ ገባ። «የሺ» ማለቱን ትቶ «እመቤቴ» ይላት ጀመር። እሷም ሥጋውን አየች፣ እሱን አየች፣ ሐኪሙ እስከ መቼ ትኖራለች አለህ አለችው። ጋሼ ኃይለማርያም ወንበር ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። መርፌው ካልያዘላት የሚመጣውን ክረምት ማለፏን እንጃ ብሎታል ለካ።

የሺዓለም ማታ እኔን በረንዳው ላይ ጠርታ፣ የሰገነት ሰርግ ጥር ላይ ነው፤ እሱን አይቼ ከዚያ ወዲያ ያለውን እግዜር እንደፈለገ ያድርገው አለችኝ። ሰገነት አንድያ ልጇ ናት። ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚያ ቤት የሚበላውም የሚጠጣውም፣ መርፌውም ትውከቱም፣ ሁሉም ለአንድ ነገር ሆነ፦ እናቲቱን ለጥር ለማድረስ።

መቼም ሰው ይሄን ሲሰማ ቤታችን ጨለማ የነበረ ይመስለዋል። አልነበረም። እንዲያውም እንደዚያ ዓመት ስቀን አናውቅም። መርፌ በተወጋች ቀን ምግብ የሚባል ነገር አይረጋላትም ነበር፤ ጥሊያኑ ኬክ ቤት የሚሸጠው ጀላቲ ብቻ ሆዷ ውስጥ ይቀመጥላታል። ስለዚህ ከሆስፒታል ስንመለስ አራታችንም እዚያ ጎራ እንላለን። ጋሼ ኃይለማርያም ከራቫቱን እንዳሰረ፣ አለቃው በመስኮት ያየው እንደሆነ እያለ እየተገላመጠ ጀላቲውን ይልሳል። የሺዓለም እሱን ስታይ ሆዷን ይዛ ትስቃለች፤ ስፌቱን አመመኝ፣ አታስቁኝ ትላለች፣ ራሷ እየጀመረችው። ቤት ስንገባ ሽሮ የሚሠራው እሱ ነው። ሽሮው እንደ ጠጠር ይንኳለላል፤ እሷ አንዴ ቀምሳ፣ እግዜር ይስጥህ፣ አሁንስ አለመብላቴ አልቆጨኝም ትለዋለች።

ለተቆረጠው ጡቷ ምትክ ጥጥ አድርጋ ራሷ ሰፋች። መጀመሪያ የሰፋችውን ለክታ አሳንሳዋለች፣ ሁለተኛውን አሳምራ ከደህናው አስበለጠችው። ደህናውን ደግሞ አሁን ማን ያስተካክለዋል ብላ በመስታወት ፊት ስትንጎራደድ ሰገነት አልጋ ላይ ወድቃ በሳቅ ስትንፈራፈር አይቻለሁ። ከጠያቂ ሁሉ በር የሚከፈትላት አትክልት ተራ ሽንኩርት የምትነግደው ከሪማ ብቻ ነበረች፤ ከሪማ ስለ በሽታ አንድ ቃል አትተነፍስም። ሎሚ ታመጣለች፣ ሲያቅለሸልሻት እንድታሸተው፤ ከዚያ ከኩሊዎቹ ጋር የተጣላችውን ትተርካለች፣ ትሄዳለች። ጠያቂ ማለት እንዲህ ነው።

አሁን ደግሞ ወደሚመረው ልግባ። የሰገነት እጮኛ ገብረክርስቶስ አስተማሪ ነው፤ ክፋት የለበትም፣ ሌላም ነገር ያለበት አይመስለኝም ነበር። ቡና ሲቀርብለት ወፍራም ነው ቀጭን ብሎ እንኳ አይናገርም። የቤቱ ቃል ሁሉ የእናቱ የወይዘሮ ወርቅአፈራሁ ነው። አባቱ አቶ ወልደገብርኤል ድምፃቸው የሚሰማው ሲያስነጥሱ ብቻ ነው። ሥላሴ አጠገብ ያለው ቤታቸው ሰፊ ነው፤ የወይዘሮዋ አፍንጫ ግን ለዚያ ቤት ይበዛል። ልጅቷን ሊጠይቁ ሽማግሌ ሲልኩ ዘራችንን እስከ ሰባት ቤት አስቆጥረዋል፤ ቁምጥና አለ ወይ፣ የሚጥል በሽታ አለ ወይ፣ ያበደ አለ ወይ። እኔ እነሱ ቤት ማን እንዳበደ ለማወቅ ሰባት ቤት መቁጠር አያስፈልገኝም ነበር፤ ዝም አልኩ፣ ስለ ሰገነት። ለሰርጉ አንድ ደጃዝማች ይገኙልኛል ብለው ከጥቅምት ጀምሮ ለከተማው ሁሉ አውርተው ነበር። ጠጁም ተጥሏል።

እንግዲህ ነቀርሳ የሚለው ቃል እኚህ ሴትዮ ጆሮ የገባ ለት ሰርጉ አበቃለት። በደም ይተላለፋል፣ ልጅቱም ነገ ትታመማለች ይላሉ። ስለዚህ ቆዳ ሥር የወጣ እባጭ ነው፣ ወጥቷል፣ የቀረው የጨጓራ ነው እያልን ገፋነው። ገና እንደ ምንም አለፈ። ጥምቀት ሊደርስ ሲል ግን የየሺዓለም ጸጉር መርገፍ ጀመረ።

አንድ ቀን ጠዋት ትራሷ ላይ ሙሉ እፍኝ አገኘች። አላለቀሰችም፤ እየረገፈ ከሚስቅብኝ እኔው ልቅደመው ብላ ባሏን ምላጩን አምጣ አለችው። ጋሼ ኃይለማርያም እየተጠነቀቀ ላጫት። እሷ ከሥር ሆና፣ ጆሮዬን አደራ፣ ከጡቴ ሌላ የምሰጠው የለኝም እያለች ታስቀዋለች። ሲጨርስ በረንዳው ላይ ወጣች። የጥር ፀሐይ ነው፣ ገና ለጋ፤ ራሷን ወደ ኋላ ደገፍ አድርጋ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ፀሐይ ራስ ቅል ላይ ሲያርፍ እንዲህ ደስ ይላል እንዴ፣ ወንዶች ይሄን ሁሉ ዘመን ዝም ብለው ሲሞቁት ኖረዋል አለችኝ። ከማዶ የሬዲዮ መስኮት ክፍት ነበር።

በእኛ አገር ሳትመነኩስ የተላጨች ሴት ማለት አንድ ነገር ናት፦ ሰው የሞተባት። ሌላ ትርጉም የለውም፤ ማንም ሌላ አያስብም።

ረፋድ ላይ ደረጃው በጩኸት ተናጋ። ሬዲዮ ከፊት ናት፣ ነጠላዋን ለሐዘን ዘቅዝቃ፣ ከኋላዋ ሠፈሩ ሁሉ። የእድር ጥሩምባ ስላልተነፋ ሁሉም እኔ ብቻ ሳልሰማ ቀረሁ ብሎ ደንግጧል፤ ዘግይቶ መጣ እንዳይባል ይሽቀዳደማል። ማን ሞተ ብሎ የጠየቀ ግን አልነበረም። መጠየቅ ነውር ነዋ! ጎረቤት ሆኖ የጎረቤቱን ሟች አለማወቅ ያሳፍራል። አንዷ ገብታ «ጋሻዬ፣ መከታዬ» ብላ ስታለቅስ፣ ሌላዋ ከጎኗ ቆማ «እናታለም» ትላለች። ወንድ ይሁን ሴት እንኳ አልተስማሙም፤ እንባው ግን ይወርዳል። የእድሩ ዳኛ አቶ አርአያ ግቢው ውስጥ ድንኳን አስተከሉ፣ አግዳሚ አስደረደሩ፣ እሳቸውም ማንነቱን አልጠየቁም።

ጋሼ ኃይለማርያም ምላጩን እንደያዘ በር ላይ ቆሞ ቀረ። አንዱ መጥቶ አንገቱን ሲያቅፈው ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ። ሲያፍነው የከረመውን ሁሉ ያን ጊዜ አወጣው፤ ያ ደግሞ የቀረውን ጥርጣሬ አጠፋ። እኔ እነዚህን ሰዎች በመጥረጊያ ጠርጌ ላስወጣ ስነሳ የሺዓለም እጄን ያዘችኝ። ተያቸው፣ ማንን እንደቀበሩ እስኪነግሩኝ ልስማ አለች። ፍራሹ ላይ ተቀምጣ፣ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ሰው ሁሉ ማልቀሷ መስሎት ልቅሶውን አባሰው። ሳቅ ነው።

ከዚያ ንፍሮ መጣ። ስንዴውና ባቄላው፣ በትልቅ ሰፌድ። እህቴ ስንት ሳምንት የእህል ጣዕም ጠፍቷት የከረመች ሴት፣ አንድ እፍኝ ዘገነች፣ ደገመች። ቆይተን ቆይተን ጠበቅን፤ አላስመለሳትም። ለሌላ ሰው ሞት የተቀቀለ ንፍሮ ለእሷ ረጋላት። ሰገነት እናቷ ስትበላ አይታ ከልቧ አለቀሰች፤ ለቀስተኛውም ልጅቷን አያችኋት፣ አንጀት ትበላለች አለ።

ጨዋታው የሞተው ወይዘሮ ወርቅአፈራሁ ሲገቡ ነው። ጥቁር ለብሰው፣ ልጃቸውን አስከትለው፣ የተለመደውን ያህል አለቀሱ፣ ከዚያ ዓይናቸውን ጠረጉ። ሁሉ እየሰማ፣ እንግዲህ ሰርጉ እንዳይሆን ሆነ፣ በሐዘን ቤት ከበሮ አይመታም፣ ሰው ምን ይላል፣ ለከርሞ ጥር ይሁን አሉ። ሰገነት በር ላይ ጽዋ ይዛ ቆማ ነበር፤ ጽዋውን መሬት አስቀመጠችው። ገብረክርስቶስ እናቱን አየ፣ ሰገነትን አየ፣ መልሶ ጫማውን አየ።

ለእህቴ ከርሞ ጥር የሚባል ነገር የላትም። ጓዳ ገብተን ተያየን። ጋሼ ኃይለማርያም ሩቅ ዘመድ ነው የሞተው እንበል፣ መንዝ የነበሩ አንድ ሽማግሌ፣ ሐዘኑ በሦስት ቀን ያልቃል አለ። የሺዓለም አልተቆጣችውም፤ በሰው ሬሳ ሥር አልደበቅም፣ ቀባሪዬንም አላታልልም አለችው። እኔ እውነቱን ብትናገሪ ሴትዮዋ ልጃቸውን ይዘው ይወጣሉ አልኳት። ወርቅአፈራሁን አንቺ ትንቂያታለሽ እንጂ አታውቂያትም ብላኝ ተመልሳ ወጣች። ተከተልኳት።

ቤቱ መሐል ቆመች። ሻሿን ከራሷ አወለቀች።

«የሞተ ሰው የለም» አለች። «እኔ ነቀርሳ ይዞኛል። ጡቴን ቆርጠውታል፣ ጸጉሬን መድኃኒቱ ነው ያረገፈው። ሐኪሙ ክረምቱን አትወጣም ብሏል።»

አንዲት ሴት እየየ ልትል አፏን ከፈተች፤ ለማን እንደሆነ ግራ ገብቷት ዘጋችው። የሺዓለም ወደ ወይዘሮ ወርቅአፈራሁ ዞረች።

«ወይዘሮ ወርቅአፈራሁ፣ ሁለቱም እኛ ቤት መምጣታቸው አይቀርም፤ ሰርጉም፣ ለቅሶውም። የትኛው ይቅደም? እርስዎ ይምረጡ። ደጃዝማቹ ግን ለየትኛው እንደተጠሩ እርስዎ ነዎት የሚነግሯቸው።»

ሴትዮዋ ተቀመጡ። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ። ደግነት ፊታቸው ላይ ያለፈ እንዳይመስላችሁ፤ የሚያሰሉት ጠጁን ነው። ልጄን ይዤ ልውጣ ቢሉ፣ ደጃዝማች ጠርቶ ሰርጉን ያጠፈ ቤት መባል አለ። ይቆይ ቢሉ ደግሞ የሙሽራዋ እናት ትሞታለች፣ ሌላ ዓመት ይሄዳል፣ ጠጁ ኮምጣጤ ይሆናል፣ ደጃዝማቹም ይረሳሉ። ስለ ደም፣ ስለ ዘር፣ ስለ ሰባት ቤት ያ ሁሉ ወሬ የት ገባ? እፍረት ሲመጣ ዘር ወንበሩን ይለቃል።

«እንዲያውም መዘግየት የለበትም» አሉ በመጨረሻ፣ ሐሳቡ ከራሳቸው እንደመጣ አድርገው። «ለጥምቀት ማግስት የተባለው ቀን አይለወጥም።»

የሺዓለም ጎንበስ ብላ አመሰገነች፤ ሳቋ እንዳይታይባት ነው ጎንበስ ያለችው። ለቀስተኛውም ነጠላውን አስተካክሎ፣ እንዳለቀሰ ሳይሆን እንደተጋበዘ ሆኖ የተረፈውን ንፍሮ ጨረሰ። አቶ አርአያ ድንኳኑን ላፍርስ ወይ ሲሉ፣ ሰርጉ እስኪያልፍ ይቆይ አለቻቸው። የእድር ድንኳን ለሰርግ አይሰጥም፣ ደንቡ አይፈቅድም አሉ። ደንቡ ሟች ለሌለበት ለቅሶ ይፈቅዳል ወይ አለቻቸው። ድንኳኑ ቆየ።

ሰርጉ ደረሰ። ደጃዝማቹ ራሳቸው አልመጡም፣ ወኪል ላኩ፤ ወኪሉም ቶሎ ሰከረ። የሺዓለም የልጇን ቬሎ ራሷ ነው የሰፋችው፣ ከመርፌው እየተመለሰች፣ አንዳንዴ ቁጭ ብላ፣ አንዳንዴ ተጋድማ። ራሷም ላይ ነጭ ሐር ሻሽ አሰረች። ያን ቀን ጠዋት እንደ ድሮዋ ለመጣው ሁሉ ስም ስታወጣ፣ እኔን ስታስቅ፣ የባሏን ከራቫት ስታስተካክልለት አረፈደች። ደረስኩ፣ አየሁት፣ አለቀ ትለኝ ነበር።

እኩለ ቀን ላይ መኪኖቹ ጥሩምባቸውን እየነፉ መጡ። እንደ ወጉ የሴት ወገን በሩን ዘግቶ፣ አናስገባም እያለ ይዘፍናል፤ ሚዜዎቹ ይለምናሉ፣ ሽቶ ይረጫሉ፣ ይገፋሉ፣ ከዚያ ይገባሉ። ሙሽሪት ወጥታ ትሄዳለች። እናት ከጓዳ ሆና ነው የምታየው፤ የሺዓለም ግን ከሴቶቹ መሐል ገብታ ከፊት ቆመች። ሁለት እጇን በሩ መቃን ላይ ዘርግታ ከሁሉም አብልጣ ዘፈነች። ሰዉ ሳቀ። እናት ናት፣ ይገባታል አሉ።

ዘፈኑ አለቀ። ሴቶቹ እጃቸውን አወረዱ። ሚዜዎቹ ሽቶውን ጨረሱ። የእሷ እጅ ግን መቃኑ ላይ ነበር። ሰዉ ደግሞ ሳቀ፣ ከዚያ ሳቁ እየቀነሰ ሄደ። ወይዘሮ ወርቅአፈራሁ ከኋላ፣ ምግቡ ይቀዘቅዛል፣ ግቡ እንጂ እያሉ ነው። አንዱ ሚዜ ሊገፋ ሲል ገብረክርስቶስ ክንዱን ይዞ አስቆመው። ያ አፍ የለውም ያልኩት ልጅ ባርኔጣውን አውልቆ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ፊት ለፊቷ ቆሞ ጠበቃት። ያን ቀን ብቻ አልናቅሁትም።

ፊቷን አየሁት። ጨዋታ አልነበረም። ያን ሁሉ ወር መርፌውን የቻለችው፣ የወይዘሮዋን አፍንጫ የቻለችው፣ ይሄን በር ለማየት ነበር። በሩ ሲከፈት ልጇ በእሱ ወጥታ እንደምትሄድ ግን፣ የቀራትን ጊዜ ሁሉ ያለ ሰገነት እንደምትተኛና እንደምትነሳ ግን፣ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ለራሷ ያልነገረችው ነገር ነበር።

ወደ እኔ ዘንበል አለች። ሌላ ሰው አልሰማትም።

«አይናዲስ፣ እጄን አንቺ አውርጂልኝ። እኔ አልቻልኩም።»

ጣቶቿን ከመቃኑ ላይ አንድ በአንድ አላቀቅሁ፤ ሰርገኛው ገባ።